የኮሊብሪዎቹ አጥር

ሳንታ ቤርታ፣ ካልዳስ
ማርች 11 ቀን 1998

ለተከበሩ አክስቴ ዶራሊሳ፣

ትናንት ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ልጅዎ አርቤይ የአጥሩን የሳን ሆአኪን ቁጥቋጦ የመጀመሪያ ግንድ በቆንጨራ መታው። ሰዓቱን የማውቀው የትምህርት ቤቱ የእረፍት ደወል በዚያው ቅጽበት ስለተደወለ ነው። ማክሰኞ የማስተምረው ከእረፍት በኋላ ስለሆነ ቤት ነበርኩ፤ የአበባ ጠጪዎቹን ወፎች፣ የኮሊብሪዎቹን፣ የስኳር ውሃ ጠርሙሶች እያጠብኩ።

ደብዳቤ ከሰላምታ እንደሚጀምር እናቴ አስተምራኛለች፤ ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሰላምታዬን እዚህ ያግኙት፦ ጤና ይስጥልኝ፤ የካርሜኗ እመቤታችን ባሉበት ትጠብቅዎት።

ሮጬ ስወጣ ሦስት ግንድ ወድቋል። ቀዩ አበባ ጭቃው ላይ ተበትኗል።

«አርቤይ! ምን እየሠራህ ነው?»

«ደህና አደርሽ፣ ዶክተሯ» አለኝ ግንባሩን በክንዱ እየጠረገ። «ቦታ እያጸዳሁ ነዋ።»

«የምን ቦታ?»

«የቴሆ ሜዳ።»

«በማን ፈቃድ?»

ከኋላ ኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ። በላብ ርሷል። «በእናቴ ፈቃድ። ማንበብ ትችያለሽ አይደል? ማኒሳሌስ ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት የተቀመጥሽው ለዚህ መሰለኝ።»

አነበብኩት። «ጓሮውን በሙሉ እንደፈለገ እንዲገለገልበት» ይላል፤ ከሥሩ ስምዎ፣ ከስምዎ ሥር ፊርማዎ። ከአገር ከወጡ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖዎታልና ቴሆ ምን እንደሆነ ረስተው እንደሆነ ላስታውስዎት፦ ሰዎች ከሃያ ሜትር ርቀት ብረት እየወረወሩ ጭቃ ላይ የተቀመጠ ባሩድ ያፈነዳሉ፤ በፈነዳ ቁጥር ቢራ ይከፈታል፣ ይጮሃል፣ ይጨፈራል። ይህ ነው እናቴ የተከለችው አጥር ቦታ ላይ የሚመጣው።

አራተኛው ግንድ ላይ ጎጆ ነበረ። እናቲቱ ከሸረሪት ድርና ከዛፍ ሽበት አሥር ቀን ሙሉ ስትሸምነው አይቻለሁ። ውስጡ ባቄላ የሚያካክሉ ሁለት ነጭ እንቁላሎች ነበሩ።

«አራተኛውን ተወው» አልኩት። «ለሁለት ወር ብቻ። ፈልፍላ እስክታበርራቸው።»

«ኪራይ ትከፍላለች?» አለና መታው።

አክስቴ፣ ወፏ ተመልሳ መጣች። አውራ ጣቴን የማታክል ፍጥረት፣ ክንፏ ከመፍጠኑ የተነሳ ሳይታይ፣ አበባ ስትጠጣ እንደምትቆመው አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ከፊቷ ግን አበባም ጎጆም የለም። ወደ ግራ ትንሽ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ያንኑ ባዶ ቦታ አየች። እስክትሄድ ድረስ ቆሜ አየኋት። ክፍሌ የደረስኩት ዘግይቼ፣ እጄም ጭቃ እንደሆነ ነው።

እናቴ ስትታመም ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኜ እንድቀር ተጠይቄ ነበር። እርስዎ በስልክ «ወደ እናትሽ ተመለሺ፤ ቤቱም አትክልቱም ያንቺ ነው» አሉኝ። ተመለስኩ። እናቴን ቀበርኩ። ቀብሩ ላይ ያልመጡት የመኖሪያ ፈቃድ ስላልነበረዎት መሆኑን ስለማውቅ አንድም ቀን አላነሳሁብዎትም።

አሁን የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ሲፈርሙ አጥሩ እንደሚቆረጥ ያውቁ ነበር? አዎ ወይም አይደለም ብለው ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ
ኖሬልባ


ሙርሲያ
ኤፕሪል 6 ቀን 1998

ለውድ የእህቴ ልጅ ኖሬልባ፣

የተአምራቱ ጌታ በረከቱን ያብዛልሽ፤ የእህቴ የሄርሚንያ ነፍስ ከላይ ሆና ትጠብቅሽ፤ መላእክቱ ደጃፍሽን አይልቀቁ። አሜን።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እዚህ ክረምቱ ወጣ። በየመንገዱ ዳር ያሉት የብርቱካን ዛፎች አብበው ከተማው ሁሉ በመዓዛ ታውዷል፤ ግን በአበባው ላይ የሚመጣ ምንም የለም፤ ንብ እንኳን አላየሁም። አራተኛ ፎቅ ስለሆንን ይሆናል።

የማስታምማቸው ሽማግሌ ዶን ፋውስቲኖ ዓይናቸው ከጠፋ አራት ዓመት ሆነ። ጠዋት ጠዋት ካጠብኳቸውና ካበላኋቸው በኋላ በረንዳው ላይ አስቀምጣቸውና ደብዳቤዎችሽን አነብላቸዋለሁ። «ዛሬ ማን መጣ?» ይሉኛል፣ ጎረቤት የመጣ ይመስል። ወፎቹን ሁሉ ባወጣሽላቸው ስም ያውቋቸዋል። ያ ጆሮው ሐምራዊ የሆነው፣ ሌላውን ሁሉ ከጠርሙሱ የሚያባርረው ከንቲባው እንዴት ነው? ነጭ የላባ ካልሲ ያጠለቀው ሙሽራውስ? አሁንም እየመጣ ነው? በደንብ አድርገሽ ጻፊልኝ፤ ቀለሙም አይቅርብኝ።

የአጥሩን ነገር አርቤይ በስልክ ነግሮኛል። ልጄ፣ እንጨት ነው፤ ተመልሶ ይበቅላል። ብዙ አትቆጪ፤ ቁጣ መልክ ያበላሻል። ወፎቹ ተቀይመው እንዳይሄዱ እኔው መላ ፈልጌላቸዋለሁ። እናታችን ቤት የገባ ሰው፣ ፖስተኛም ይሁን ቄስ፣ ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ድፍን የፈላ የፓኔላ ውሃ ሳይጠጣ አይወጣም ነበር። ወፎቹም እንግዶች ናቸው። በየጣሪያው ጠርዝ በጠርሙስ እንዲሰቅልላቸው ለአርቤይ ነግሬዋለሁ፤ ወፍራም አድርገህ አፍላው ብዬዋለሁ። ያንቺ ነጭ ስኳር የሐኪም ቤት ነገር ነው፤ ፍቅር የለውም።

የአበባ ዘርም ልኬልሻለሁ፤ ከፖስታው ውስጥ ፈልጊው።

የምትወድሽ አክስትሽ
ዶራሊሳ


ሳንታ ቤርታ
ሜይ 2 ቀን 1998

ለተከበሩ አክስቴ ዶራሊሳ፣

ጤናዎ ይብዛ፤ እመቤታችን ከእርስዎ አትራቅ።

ዘሩ ደርሶኛል። የካርኔሽን ዘር ነው። ካርኔሽን እናቴ መቃብር ላይ እዘራዋለሁ፤ ለኮሊብሪ ግን የሚጠጣ ነገር የለውም። ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። ፖስታውን ሁለት ጊዜ ገልብጬ አራገፍኩት፤ ዘር እንጂ መልስ አልወጣም።

አሁን የምጽፍልዎትን ቁጭ ብለው ያንብቡት።

አርቤይ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዘዘውን አደረገ። ስድስት ጠርሙስ ሰቀለ። እያንዳንዱ አንገት ላይ ቀይ ሪባን አስሯል፣ «ቀይ ይወዳሉ ብለሽ የለ» እያለ። ያፈላውም አንድ ሙሉ የፓኔላ ድፍን ሰብሮ፣ ቀረፋ ጨምሮ ነው። ይህን በክፋት አላደረገውም፤ መስክሬለታለሁ። እኔ ለሦስት ቀን የመምህራን ስብሰባ ማኒሳሌስ ነበርኩ፤ የፋሲካ ዕረፍት ተጨምሮበት ሳምንት ሆነ።

ፓኔላ ለእኛ መድኃኒት ነው። ለጉንፋን ፓኔላ፣ ለአራስ ፓኔላ፣ ለቀብር ፓኔላ። እናቴም በመጨረሻው ሳምንት ሌላ ነገር አልወርድላት ሲል እሱን ነው በማንኪያ የሰጠኋት። ለኮሊብሪ ግን መርዝ ነው። ውስጡ ያለው ብረት ለእኛ ደም ሲሆን ለእነሱ አካላቸው ውስጥ ይከማችና ይገድላቸዋል፤ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ወዲያው ይሻግታል፣ ሻጋታው ምላሳቸውን ያሳብጣል። ለእነሱ አንድ እጅ ነጭ ስኳር፣ አራት እጅ ውሃ፤ ሌላ ምንም። ጠርሙሱ በየሁለት ቀኑ በፈላ ውሃ መታጠብ አለበት። ይህን ከሁለት ዓመት በፊት ጽፌልዎታለሁ። ለዶን ፋውስቲኖም አንብበውላቸው ይሆናል።

ስመለስ ሙሽራው ከጠርሙሱ ሥር ሲሚንቶ ላይ ወድቆ አገኘሁት። ምላሱ አብጦ ወደ ውስጥ አልመለስ ብሎታል። ነጭ ካልሲዎቹ ንጹሕ ነበሩ። አነሳሁት፤ ክብደቱ ከዚህ ወረቀት አይበልጥም። በማግሥቱ ሁለት ሌሎች አገኘሁ።

አርቤይን ጠርቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«እናቴ ናት ያለችኝ» አለ። ያኔ እናቴ ስታሳድገን፣ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ፣ ሳህን ሰብሮ እናቴ ፊት ሲቆም እንደሚለው። ከዚያ ማንም ሳይለው መሰላል አምጥቶ ስድስቱንም አወረደ፤ ራሱ አጠባቸው። ለአንድ ሰዓት ያህል ወንድሜ ሆኖ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ግን የቴሆ ሜዳውን ከፈተ። ከከሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ባሩዱ ይንጣጣል። ከንቲባው ለሁለት ቀን መጥቶ ሽቦው ላይ ተቀመጠና አጥሩ የነበረበትን ቦታ ሲጠብቅ ዋለ፤ የሚያባርረው ወፍ አልመጣም። ሦስተኛው ቀን እሱም ቀረ።

እኔ የቤቱን ጣሪያና ማእዘን መጥረግ ትቻለሁ። ለጎጆ የሚሆን ድር ካላገኙ አይመለሱም። ጎረቤታችን ዶኛ ኡባልዲና ትናንት በር ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየች።

«ዶክተሯ፣ መጥረጊያ ልላክልሽ? ወይስ ዩኒቨርሲቲ መጥረግ አያስተምሩም?»

«ድሩን ለወፎቹ ነው የተውኩት።»

«ባልም በዚሁ ድር ልትይዢ ነው?»

«ባል ከሆነ የምፈልገው ካንቺ እዋሳለሁ፤ አንቺ ቤት ሥራ የለውም» አልኳት። ስቃ ሄደች። ከሄደች በኋላ ከእሷ በስተቀር በዚያ ሳምንት ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያናገረኝ ሰው እንደሌለ ትዝ አለኝ።

የወፎቹ ክንፍ ድምፅ ጆሮዬ አጠገብ እንደ ትንሽ ማራገቢያ ነበር። እዚህ ቤት ሳልጠራው የሚመጣልኝ እሱ ብቻ ነበር።

ያውቁ ነበር? አዎ ወይም አይደለም።

ኖሬልባ


ሙርሲያ
ጁን 30 ቀን 1998

ለውድ ልጄ ኖሬልባ፣

የመስቀሉ ጥላ አይለይሽ፤ እጅሽ የነካው ይባረክ።

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩት። የሙሽራውን ነገር ሳነብ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፈትኩት፣ ሽማግሌው እንዳይሰሙኝ።

አዎ። አውቅ ነበር።

አርቤይ ፌብሩዋሪ ላይ ደውሎ ሥራ አጣሁ አለኝ። «ቦታ ስጪኝ፤ አንድ ነገር ስጪኝ» አለ። አጥሩን መቁረጡ እንደማይቀር ነግሮኛል። ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ነው ለእናትሽ ሰጥቼው የሄድኩት። አውቶቡስ ስሳፈር አላለቀሰም፤ ሻንጣዬን ይዞልኝ እስከ ደረጃው መጣና «ሂጂ፣ ይሞላብሻል» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እምቢ ልለው አልችልም። አንቺ ጠንካራ ነሽ፤ ተምረሻል። ትችይዋለሽ ብዬ ነው።

አሁን ደግሞ የምለምንሽ ነገር አለ፤ እንዳታሳፍሪኝ። የማርቹን ደብዳቤሽን ለዶን ፋውስቲኖ አላነበብኩላቸውም። የሜዩንም። የድሮዎቹን ደጋግሜ አነበብኩ፤ ሲያልቁብኝ ከራሴ መፍጠር ጀመርኩ። ባለፈው ሳምንት ግን ያዙኝ። «ዶራሊሳ» አሉኝ፣ «የሙሽራው ጭራ ጃንዋሪ ላይ ሰማያዊ ነበር፤ ዛሬ አረንጓዴ ሆነ። ወይ ወፉ ታሟል፣ ወይ አንቺ ትዋሺኛለሽ።» እኔ እንዳንቺ አይደለሁም፤ መፍጠር አልችልበትም።

ስለዚህ እንደ በፊቱ ጻፊልኝ። አጥሩ እንዳለ አድርገሽ። ማን እንደመጣ፣ ማን ማንን እንዳባረረ፣ የትኛው አበባ እንደፈነዳ። በወር አንድ ገጽ ይበቃኛል። ማንን ይጎዳል? እውነቱን ልንገርሽ፤ ለእሳቸው ብቻ አይደለም። አንቺ ደብዳቤ ውስጥ ያ ጓሮ አልተቆረጠም። እኔ የቀረኝ እሱ ነው።

አርቤይንም ታገሺው።

አክስትሽ
ዶራሊሳ


ሳንታ ቤርታ
ኦገስት 9 ቀን 1998

ለተከበሩ አክስቴ ዶራሊሳ፣

ጌታ ጤናዎን ይጠብቅ፤ ዶን ፋውስቲኖንም ጭምር።

ስለ «አዎ»ዎ አመሰግናለሁ። ከማርች ጀምሮ ጠብቄዋለሁ። ሳነበው እጮሃለሁ ብዬ ነበር፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

የጠየቁኝን ሞከርኩት። ወረቀት አወጣሁና «ዛሬ ማለዳ ከንቲባው ቀይ አበባው ላይ ተቀምጦ…» ብዬ ጀመርኩ። እጄ አላቆመም፤ ገጹ በአፍታ ሞላ። የሞተውን ሙሽራ በአበቦቹ መሐል አበረርኩት፤ ተፈልፍለው የማያውቁትን ጫጩቶች ጎጆው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳቸው። አምሮ ነበር። ቀና ስል በመስኮቱ ጉቶዎቹን አየሁና ደነገጥኩ። እርስዎ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ይህን ማመን ይችላሉ። እኔ መስኮት አለኝ። ገጹን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ተነስቼ የእናቴን የቤት ወረቀት ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ጓሮው ግማሹ የእርስዎ፣ ግማሹ የእናቴ ነው፤ የእናቴም አሁን የእኔ ነው። «በሙሉ» ብለው የመፈረም መብት አልነበረዎትም። ባለሙያው መጥቶ በሜትር ለካና ካስማ ተከለ። መስመሩ የወደቀው የቴሆው ሜዳ መሐል ላይ ነው።

አርቤይ ካስማውን ዞረው፣ በእግሩ ነካ ነካ አደረገው። «ቴሆ በአሥር ሜትር?» አለ። «ይህማ ጠጠር መወርወር ነው። አያቶች ናቸው የሚጫወቱት።» ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ባዶ የቢራ ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠና «እናቴ ምን ጻፈችልሽ?» አለኝ።

«ስለ ወፎቹ ትጠይቃለች።»

«ስለ እኔስ?»

«ታገሺው ብላለች።»

«እሱን አይደለም። እንዴት ነው ብላለች?»

የደብዳቤዎቹን ሳጥን አመጣሁ። እናቴ ያስቀመጠቻቸውን፣ ለእኔ የመጡትን፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ጓሮው ውስጥ ጉቶ ላይ ተቀምጠን አነበብናቸው። ለእናቴ ከጻፉት ውስጥ የእሱ ስም ሞልቷል፦ ጫማው ልኩ ሆነ ወይ፣ ትምህርት ቤት ገባ ወይ። አጥሩን ከተከልንና እኔ ስለ ኮሊብሪዎቹ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ግን እንዴት ነው የሚል አንድም መስመር የለም። እሱ አለ፤ እየታዘዘ፣ ይቅር እየተባለ። እኔም አለሁ፤ እየተባረክሁ። እንዴት ነሽ ተብዬ አላውቅም። እናቴ የሞተች ሳምንት የደረሰኝን ፈልጌ አወጣሁት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይልና በሚቀጥለው መስመር «ወፎቹን ማን እያየልሽ ነው?» ይላል።

አርቤይ ወረቀቱን አጥፎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰው። ከዚያ ሳቀ፤ ሲስቅ እርስዎን ይመስላል። «ኖሬ፣ ወፍ ሆነን ብንወለድ ኖሮ» አለ፣ «በስማችን ትጠይቀን ነበር።»

በማግሥቱ አካፋ ይዞ መጣ። በካስማው መስመር ላይ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ግማሹን ጠማማ አድርጎ። ዶኛ ኡባልዲና ከአጥሯ ሆና «አሥር ወንድ የሚጠጣበትን ዘግተህ ለወፍ መጠጥ ቤት ከፈትክ?» አለችው። «እነሱ ቢያንስ ጠጥተው አይዘፍኑም» አላት። ከተቆረጡት የሳን ሆአኪን ግንዶች አሥራ አራት ቅርንጫፍ ለይቼ ውሃ ውስጥ አስቀምጬ ነበር፤ ተከልናቸው። ዘጠኙ ቅጠል አውጥተዋል። እስኪያብቡ ድረስ በመሐላቸው ሐምራዊ የቨርቤና አበባ አስገብቻለሁ፤ ቶሎ ይደርሳል። ድሩም ከጣሪያው አልወረደም።

ባለፈው ማክሰኞ ቨርቤናው ላይ አንድ ነገር መጣ። ለሦስት ሰከንድ ያህል ቆመ። ማን እንደሆነ፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ፣ ማን ቀድሞ እንዳየው አልጽፍልዎትም።

ብቸኝነትዎን አላቃልልም። እኔ እዚህ፣ እርስዎ እዚያ፣ አርቤይ ከመስመሩ ማዶ፤ ሦስታችንም አንድ ዓይነት ዝምታ ውስጥ ነን። ግን ልጅዎን ስለ መተውዎ የካሱት በእናቴ አትክልት ነው። አሁን ደግሞ አትክልቱን ስለ መስጠትዎ ራስዎን የሚያጽናኑት በእኔ እጅ ጽሑፍ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ጠንካራ ነሽ፣ ተምረሻል ይሉኛል። የተማርኩት ያየሁትን ለመጻፍ ነው። ጠንካራ መሆኔም ለመቆረጥ የተመቸሁ አያደርገኝም።

ይህን ደብዳቤ ለዶን ፋውስቲኖ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብቡላቸው። ዓይን የሌለው ሰው ጭራ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ የሚያውቅ ከሆነ፣ ይህንንም ይችለዋል።

እኔ ግን በሌለ አጥር ላይ የሞቱ ወፎችን ከእንግዲህ አላበርርም። እኔ ሳልፈቅድ በእናቴ መሬት ላይ የተፈረመ ወረቀት አልቀበልም። በረከት ጽፎ ወደ ወፎቹ የሚያልፍ፣ እኔ እንዴት እንደሆንኩ፣ አርቤይ እንዴት እንደሆነ የማይጠይቅ ደብዳቤ ደግሞ ሳልከፍተው እመልሰዋለሁ።

ኖሬልባ